አራት ወንዶች ልጆችና አንድ ትሪ

በእኛ ቤት ራት የሚቀርበው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ግን በኩሽናው ደጃፍ አንድ ረጅም ጥላ መመላለስ ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ይጨመራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ውኃ ሊጠጣ የመጣ መስሎ ይገባና የድስቱን ክዳን ከፍቶ ሳያይ አይወጣም። የ17፣ የ15 እና የ13 ዓመት ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ካለፈው ዓመት መስከረም ወዲህ ደግሞ 16 ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ ከመንዝ መጥቶ ከእኛ ጋር ሆኖ ይማራል። ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ስድስት ሰዎች ነን ማለት ነው፤ በአበላል ከተቆጠረ ግን ከአሥር አናንስም።

ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ወር ተኩል ያህል ያቆየን ነበር። አሁን አርባ ቀን ከደረሰልን ደኅና ሰንብቷል እንላለን። በመጀመሪያ ከወፍጮ ቤት ዱቄት የጎደለብኝ መስሎኝ ስለነበር አንድ ቀን እዚያው ቆሜ እስኪያልቅ አስፈጨሁ፤ ምንም አልጎደለም። የጎደለው እቤት ነው፤ መጉደል ካሉት። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ወንድ ልጅ በጉርምስናው እጅግ ፈጥኖ በሚያድግበት ዓመት 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ የሚያስፈልገው ምግብም በቀን ወደ 3000 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፤ ይህም እንደ እኔ ያለች እናት ከሚበቃት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ለበኩር ልጄ በመስከረም የተገዛለት የትምህርት ቤት ሱሪ በፋሲካ ቁርጭምጭሚቱን ያሳይ ስለነበር፣ እኔ ቁጥሩን ሳልሰማም ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

በዚህ ላይ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አመዳዩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ያድራል። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ በዚያ ብርድ ኳስ ሲያባርሩ ቆይተው ከንፈራቸው ደርቆ ሲገቡ፣ ብርዱ ራሱ አንድ ሰው ሆኖ አብሯቸው ለራት የተቀመጠ ይመስለኛል። ከፍታው ለምግብ አብሳይም ሌላ ጣጣ አለው። እዚህ ውኃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም። ከቆላ የመጡ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ ባቄላው አሮጌ ነው እያሉ ነጋዴውን ይወቅሱ ነበር። እኔ ጥራጥሬውን ከዋዜማው ዘፍዝፌ አሳድርና ፕሬሸር በምንለው ድስት እቀቅለዋለሁ፤ ያ ድስት ባይኖር ኖሮ የእነዚህን ልጆች ሆድ በከሰል አልችለውም ነበር።

ሥጋ በየቀኑ የሚገዛበት ቤት አይደለም የእኛ። ደግሞም ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም ስንደምር የዓመቱን ግማሽ ገደማ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ነው የምናሳልፈው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በአብዛኛው የሚያድጉት በጥራጥሬና በእህል ነው፤ ይህም እንደ ችግር መታየት ያለበት አይመስለኝም። ሽሮን በጤፍ እንጀራ የሚበላ ልጅ፣ እህሉ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ከጥራጥሬው፣ ጥራጥሬው የሚጎድለውን ከእህሉ ያገኛል። አያቶቻችን ይህን በቤተ ሙከራ ሳይለኩ ደርሰውበታል። አንድ ነገር ብቻ አስተካክያለሁ፦ በብርዱ ምክንያት ከራት ጋር ሻይ የመጠጣት ልማድ ነበረን፤ ሻይ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው እንደሚያግድ ከሰማሁ ወዲህ ሻዩን ከራት አንድ ሰዓት በኋላ አደረግሁት፤ በቦታውም ስንግ ቃሪያ ወይም ቲማቲም በሎሚ ማቅረብ ጀመርኩ። ሻዩ ሲዘገይ ያኮረፈው ባለቤቴ ነው እንጂ ልጆቹ ልብም አላሉትም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ያደገ ሰው ስለ ገብስ ከተነሣበት ቶሎ አያቆምም። ገብስ የእህል ንጉሥ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ቂጣ፣ ዳቦ፣ ጤፍ ሲወደድ ደግሞ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል። በቤቴ ለጎረምሳ ሆድ ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም፤ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም፤ ሁለት ማንኪያ በውኃ ከተበጠበጠና ትንሽ ማር ጠብ ካለበት ልጁን እስከ ራት ዝም ያሰኘዋል። በጾም ወራት ስልጆም አዘጋጃለሁ። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ይገነፋል፤ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ሲቀመጥ ይኮመጥጣል። ታናሹ ልጄ አፍንጫውን ይዞ ይሸሸዋል፤ መካከለኛው የሱን ድርሻ ጨምሮ ይበላለታል።

እንግዲህ የምግቡ ዓይነትና መጠን ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ አበላሉ ነው።

እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ሦስት እንጀራ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ ወጡ መካከል ላይ ይፈሳል፤ ጥቅል እንጀራው በዳር በዳር ይደረደራል። አራት ጎረምሶች በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጡ ግን ማዕዱ የሜዳ ጨዋታ ይሆናል። የበኩር ልጄ እንጀራውን የመዳፉን ስፋት ያህል ቆርሶ፣ እንደ አካፋ ወጡ ውስጥ አስገብቶ፣ አንድ ሦስተኛውን በአንድ ጉርሻ ያነሣዋል። መካከለኛው ሌላ ጥበብ አለው፤ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሶ በወጡ ላይ እንደ ግድብ ያቆምና፣ ሽሮው ወደ ወንድሞቹ መፍሰሱን ትቶ ወደ እሱ እንዲያዘነብል ያደርገዋል። ማንም የነገረው የለም፤ ራሱ ፈልስፎት ነው። ታናሹ በፍጥነት ስለማይችላቸው በአቤቱታ ይበላል፤ «እማዬ፣ እይው!» የሚለው ድምፁ የራታችን ሙዚቃ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነበር። ሲመጣ ከቤቱ አንድ ከረጢት በሶና አንድ ከረጢት ቆሎ ይዞ ነው የመጣው። እህቴም በስልክ፣ «አስቸጋሪ ልጅ አይደለም፤ የሰጠሽውን ይበላል፣ ካልሰጠሽው አይጠይቅም» ብላኝ ነበር። እኔም ሞኝ ሆኜ እንደ ምስጋና ሰማሁት። ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ከትሪው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ በሦስት ጣቶቹ ጫፍ ከዳር ያለውን ደረቁን እንጀራ እየቆረሰ ወጡን በስሱ ያስነካዋል። የእኔ ልጆች ሁለተኛውን እንጀራ ሳያጋምሱ እሱ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ በቃኝ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። «ኧረ ብላ፣ ልጨምርልህ?» ስለው፣ «ጠግቤያለሁ» ይላል። እኔን አንቱ ይለኛል፤ ልጆቼ ግን አንቺ ነው የሚሉኝ። የአንቱታው ርቀት እስከ ትሪው ድረስ መድረሱን ለማየት አራት ወር ፈጀብኝ። በአበላሉ ልከኛ ነው ብዬ ለልጆቼ ምሳሌ አድርጌ ማቅረቤንም ልደብቅ አይገባኝም፤ «ከወንድማችሁ ተማሩ» እላቸው ነበር።

ሌላም ጥፋት ነበረኝ፤ ይህኛው ይባስ ያሳፍረኛል። ቀልድ እወዳለሁ። ጤፉ ባለቀ ቁጥር ልጆቹ ፊት፣ «እህል ስታጡ እኔን ነው የምትበሉኝ»፣ «ሆዳም ሁላ» እያልኩ እስቃለሁ። አንድ ቀን ኩንታሉ በትክክል በአርባኛው ቀን ሲያልቅ፣ ባዶውን ጆንያ ሳሎን ድረስ ይዤ መጥቼ፣ «የጤፋችን አርባ ዛሬ ነው፤ ፍትሐት ይደረግለት» አልኩ። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ፤ ባለቤቴም «ነፍስ ይማር» ብሎ ተቀበለኝ። የእህቴ ልጅ አልሳቀም። ደብተሩን አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ፤ እኔም የቤት ሥራ ይኖርበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ለገዛ ልጅ ቀልድ የሆነ ቃል፣ በሰው ቤት አድራለሁ ብሎ ለሚያስብ ልጅ የሒሳብ ደረሰኝ ሊሆን እንደሚችል አልመጣልኝም። ሆዳም የሚለው ቃል በገጠር ቀላል ስድብ አይደለም፤ እኔ ራሴ እዚያው ተወልጄ ይህን መርሳቴ ነው የሚገርመኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ነው። በብርድ ወራት ሊጥ አልነሣ ስለሚል ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የማሳድረው፤ ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የታወቀ ስለሆነ ሊጡም ከከተማው በረከት ይድረሰው ብዬ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሊጡን ልዳስስ ስነሣ ኩሽናው ውስጥ ጭል ጭል የሚል ብርሃን አየሁ። የእህቴ ልጅ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አስደግፎ፣ በጣሳ በሶ እየበጠበጠ ነበር። ማንኪያው ጣሳውን እንዳይነካውና እንዳይሰማ፣ መካከል ለመካከል ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። እግሩ ባዶ ነው፤ በዚያ ብርድ ጫማውን ያወለቀው ኮቴው እንዳይሰማ መሆን አለበት። ዞር ሲል አየኝ፤ ደነገጠ፤ ጣሳውንም ወደ ጀርባው ሊወስደው ቃጥቶ ተወው።

«ከስንቄ ነው እትዬ፤ የቤቱን አልነካሁም» አለኝ።

ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ። «በማር ነው እንጂ የሚጣፍጠው» አልኩና ማሩን አውርጄ በትልቁ ማንኪያ ጨመርኩለት። ቆሞ ጠጣው፤ ጣሳውን አጠበ፤ ደኅና ይደሩ ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ሊጡን ሳላይ ተመልሼ ተኛሁ፤ ተኛሁ ማለቴ ጋደም አልኩ ለማለት ነው።

እኔም በልጅነቴ የስንቅ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን በአካባቢያችን ከገጠር መጥቶ የሚማር ልጅ በከተማው ቤት ተከራይቶ፣ እሑድ እሑድ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ሦስትና አራት ሰዓት በእግሩ ይመለስ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚማሩ ብዙ ናቸው። ስንቄ ሐሙስ ላይ ያልቅ ነበር። የቤት አከራያችን ደግ ሴት ስለነበሩ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል፤ እንጀራ ሲያቀርቡልኝ ግን ሆዴ እየጮኸ «በልቻለሁ» እል ነበር። ሦስት ጊዜ ቢለምኑኝ እበላ ነበር፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ለምነው ይተዉኛል። በአገራችን ሥርዓት ሰው በሰው ቤት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም፤ «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ» እየተባለ እስኪገደድ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ከተማ ገብቼ የራሴን ልጆች በቃኝ ካሉ በቅቷቸዋል ብዬ አሳድጌ፣ የእህቴን ልጅ በዚያው ሚዛን መዘንኩት። አንድ ጊዜ «ልጨምርልህ?» እለዋለሁ፤ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ይለኛል፤ ድስቱን እከድናለሁ።

በማግስቱ ለማንም ሳልነግር ለውጥ ማድረግ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከሸፈ። ለእያንዳንዱ በየሳህኑ እኩል እኩል አድርጌ አቀረብኩ፤ ድርሻው ከታወቀ አይሳቀቅም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ባለቤቴ ሳህኑን ተቀብሎ ግራና ቀኝ አየና፣ «ማን ሞተ?» አለ፤ ለቅሶ ቤት መስሎበት። ልጆቼ ድርሻቸውን በአምስት ደቂቃ ጨርሰው የሰው ሳህን ማየት ጀመሩ። የእህቴ ልጅ ደግሞ በደንብ ያደገ ልጅ የቀረበለትን ጠራርጎ አይጨርስም የሚለውን ሥርዓት አክብሮ፣ የሳህኑን ሲሶ ለጨዋነቱ አስቀረ። ታናሹ ያንን ወሰደበት። በሳምንቱ ወደ ትሪያችን ተመለስን።

ቀጥሎ የሞከርኩት ድስቱን ነው። ቀድሞ ወጡን በሙሉ አንድ ጊዜ ትሪው ላይ አፍስሼ እቀመጥ ነበር፤ ይህም ለፈጣኑ ይመቻል። አሁን ከወጡ ሲሶውን ብቻ አፈስና ድስቱን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ጭልፋውም በእጄ ነው። ማንንም አልጠይቅም። በየጥቂት ደቂቃው በእህቴ ልጅ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ላይ ጠብ አደርግለታለሁ፤ በቃኝ ከማለቱ በፊት ፈስሶ ያድራል፤ ፊት ለፊቱ የፈሰሰን ወጥ ትቶ መነሣት ደግሞ ከመብላት ይልቅ ነውር ነው። ሥርዓቱን በሥርዓቱ አሸነፍኩት። ራታችን ከ15 ደቂቃ ወደ 40 ደቂቃ መርዘሙም ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ሆድ መሙላቱን ለአእምሮ እስኪያሳውቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል ይባላልና፣ የራሴ ልጆች ራሳቸው ከቀድሞው አነስ አድርገው መጥገብ ጀመሩ። አነስ አድርገው ስል በእነሱ ልክ ነው።

ያልጠበቅሁት እንቅፋት ከባለቤቴ በኩል መጣ። እሱ አባቱ ያደርግ እንደነበረው፣ ልጆች ይጥገቡ ብሎ ትንሽ ቀማምሶ ቶሎ እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ልጆች ቆመን እንጠብቅ ስለነበር ለእኛ ብሎ ከወጡ እያስተረፈ ይነሣ ነበር። ለእህቴ ልጅ ግን ታላቅ እጁን ከሰበሰበ ማዕዱ አብቅቷል፤ ታናሽ ከዚያ በኋላ መብላቱ ድፍረት ነው። አጎትየው በደግነቱ ሲያቆም፣ ልጁ በጨዋነቱ ያቆማል፤ ሁለቱም ተራርበው ይነሣሉ፤ ትርፉን የእኔ ሦስት ልጆች ይካፈሉታል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው በጣም ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቁራሽ እንጀራ በጣቱ ይዞ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል እየቆረሰ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያኝካል። እንዲህ በትዕግሥት የሚበላ ሰው በደብረ ብርሃን ያለ አይመስለኝም።

የራቱን ጭንቅ ለማቅለልም ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ አንድ ቀን የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር፣ አንድ ቀን ቆሎ ይሆናል። ለማንም አልተሰጠም፤ ማንም አይለምንበትም፤ የሚያልፍ ሰው ዘግኖ ያልፋል። ባለቤት የሌለው ምግብ ለሚሳቀቅ ልጅ እንዴት እንደሚቀለው ያየሁት በዚህ ነው። በዚያው ሰሞን ከእህቴ ልጅ የበሶ ከረጢት ላይ ስሙን ላጠፋ ፈለግሁ፤ «ዕቃ ጠበበን» ብዬ የእሱን በሶና የቤቱን በአንድ ጣሳ ገለበጥኩት። የስንቅና የቤት የሚባል ልዩነት እንዳይኖር ነበር ሐሳቤ፤ አልኖረምም፤ ልጆቼ የመንዝ በሶ ይጣፍጣል ብለው በሁለት ሳምንት ጨረሱት። እህቴ ለፋሲካ በግ ስትልክ ሌላ ከረጢት ጨመረችልን።

ስለ ጤፉ መቀለዴን ትቻለሁ። አሁን ሲያልቅ ለባለቤቴ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ ቅዳሜ አራቱም ልጆች ጆንያውን እየተቀባበሉ ወፍጮ ቤት ያደርሱታል። የበኩር ልጄ ደግሞ ሽንኩርት መክተፍ ጀምሯል፤ ቶሎ እንዲደርስለት ብሎ ነው እንጂ ለእኔ አዝኖ አይደለም። እናቴ በቅርቡ መጥታ ማጀት ውስጥ ቢላዋ ይዞ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ቁሌቱን ቀምሳ ግን፣ «ጨው አንሶታል» ብቻ ብላ አለፈችው።

ባለፈው ረቡዕ ራት ሽሮ ነበር፤ ጎመንና ስንግ ቃሪያም ነበረን። ኳስ ተጫውተው ስለገቡ እንደ ወትሮው አልነበሩም፤ ጭልፋዬ ሊደርስባቸው አልቻለም። የበኩሩ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ተነሣ፤ መካከለኛው ተከተለው፤ ታናሹ ድስቱን ተቀብሎኝ ቂጡን በእንጀራ ጠርጎ፣ አብለጭልጮ መለሰልኝና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ባለቤቴ ያችን ቁራሹን ይዞ ተቀምጧል። የእህቴ ልጅም አልተነሣም። ትሪውን አየ፤ ድስቱን አየ፤ ከዚያ ቀና ሳይል፣

«እትዬ፣ ከሽሮው ቀርቶ ይሆን?» አለ።

በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው፤ ድስቱ ደግሞ ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። ባለቤቴ ማኘኩን አቁሞ አየኝ። «አለ እንጂ፣ ትንሽ ቆይ» አልኩና ወደ ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ዘይት ጣልኩ፤ ሽሮውን በጥብጬ ጨመርኩበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቁሌቱ ሲሸት የበኩሩ ከመኝታ ክፍል አንገቱን አወጣ፤ መካከለኛው ደብተሩን አጠፈ፤ ታናሹ የታጠበ እጁን በሹራቡ እየጠረገ መጥቶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ሦስት እንጀራ ከመሶቡ አውጥቼ አነጠፍኩ። የመጀመሪያውን ጭልፋ በእህቴ ልጅ ፊት አፈሰስኩለት፤ እሱም እጁን ሰደደ፤ መካከለኛው ልጄም ወዲያው ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሶ ግድቡን ማቆም ጀመረ።